ራጅ፣ ድምፅና ማግኔት፡ ለማን የትኛው?

“ማሞግራምሽ ንጹህ ነው” የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ሴት እኩል አይናገርም። ዕድሜዋ 58 ለሆነ፣ በቤተሰቧ ውስጥ የጡት ካንሰር ተሰምቶ ለማይታወቅ ሴት ደህና ዜና ነው፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቡናዋን መጠጣት ትችላለች። እናቷን በ39፣ አክስቷን በ42 ዓመታቸው በዚሁ በሽታ ላጣች የ31 ዓመት ወጣት ግን ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም፣ ያው የሐኪም ፊርማ ግማሽ ዜና እንኳን አይሆንም።

ይህን ልዩነት ሕክምና በቁጥር ፊት ለፊት አስቀምጦ ያሳየው በ2004 ነው። የመጀመሪያው የጡት ራጅ ጥናት ከታተመ 91 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ያህል ለምን ዘገየ? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ራጅ ጡት ላይ

ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ አልበርት ሳሎሞን የተባለ የበርሊን ቀዶ ሐኪም ከዚያ በፊት ያልተለመደ ሥራ ይዞ ብቅ አለ። በቀዶ ሕክምና የወጡ 3,000 ገደማ ጡቶችን በራጅ አንስቶ፣ ሥዕሉን ከሥጋው ጋር እያስተያየ ካንሰር በራጅ ላይ ምን እንደሚመስልና ወደ ብብት እንዴት እንደሚዘልቅ መዘገበ። ዛሬ የካንሰር ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ የምናውቃቸውን የካልሲየም ነጠብጣቦችም አይቷቸዋል፤ ትርጉማቸው ግን ገና አልተገለጠለትም ነበር።

የሳሎሞን የኋላ ታሪክ ልብ ይሰብራል። አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከማስተማር ታገደ። በ1938 ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ገባ፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ኔዘርላንድስ ሸሸና ነፍሱ ተረፈች። ሠዓሊዋ ልጁ ሻርሎት ሳሎሞን ግን በ1943 አውሽቪትስ ውስጥ ተገደለች።

ሳሎሞን ያነሳው ከሰውነት የወጣ ጡት ነው። በሕይወት ያሉ ሴቶችን ጡት በራጅ ማንሳትን በሰፊው የሞከረው በ1930 አሜሪካዊው ስታፎርድ ዋረን ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የኡራጓዩ ራውል ሌቦርኝ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ እነዚያ የካልሲየም ነጠብጣቦች ካንሰርን እንደሚጠቁሙ አጉልቶ አሳየ። ሁለተኛ፣ ጥርት ያለ ሥዕል ለማግኘት ጡትን ጫን አድርጎ መያዝ እንደሚያስፈልግ አስተማረ። ዛሬ ማሞግራም የተነሳች ሴት ሁሉ “ምን ያህል ይጫናል!” ብላ ስታማርር ሳታውቀው ሌቦርኝን ነው የምታማው። በ1960 ሮበርት ኢጋን ሂውስተን ውስጥ የትኛውም ሆስፒታል ሊደግመው የሚችል የአነሳስ ዘዴ አሳተመና ማሞግራም የጥቂት ጠበብት ሙያ መሆኑ አበቃ።

ዝናቡ ለሁለቱም 8 ሰዓት ላይ ዘነበ

ማሞግራም ካንሰርን ማየት መቻሉ አንድ ነገር ነው። ማየቱ ሕይወት ማትረፉ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዷ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ “ዛሬ ይዘንባል” ተባለች፤ ሌላዋ 7 ሰዓት ላይ ደመናውን አይታ አወቀች። ዝናቡ ለሁለቱም 8 ሰዓት ላይ ዘነበ። የመጀመሪያዋ ለ6 ሰዓት አወቀች፣ ሁለተኛዋ ለ1 ሰዓት። ጃንጥላ ካልያዘች ግን የመጀመሪያዋም ከመበስበስ አልዳነችም። ካንሰርን ቀድሞ ማግኘትም እንዲሁ ነው። “ከታወቀላት በኋላ 6 ዓመት ኖረች” ማለት ብቻውን ምርመራው አዳናት ማለት አይደለም። መቆጠር ያለበት ሞት ነው፤ ለዚያውም በዕጣ በተከፈሉ ሁለት ቡድኖች መካከል።

ይህን ቆጠራ በ1963 መጨረሻ የጀመሩት ኒው ዮርክ ውስጥ የራጅ ሐኪሙ ፊሊፕ ስትራክስ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሉዊስ ቬኔትና የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሳም ሻፒሮ ናቸው። ስትራክስ ሚስቱን በወጣትነቷ በጡት ካንሰር የቀበረ ሰው ነበር። የአንድ የጤና መድን አባል የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 የሆነ 62,000 ገደማ ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየዓመቱ ማሞግራምና የሐኪም የእጅ ምርመራ ተጠሩ፤ ግማሾቹ እንደወትሮው ኖሩ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲቆጠር በተጠሩት ዘንድ የጡት ካንሰር ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በ1977 የተጀመረው የስዊድን የሁለት አውራጃዎች ጥናትም በ1985 ሲታተም ለዚህ የቀረበ ውጤት አመጣ፤ 31 በመቶ።

ወሬው እየተዛመተ ሄደ። በሴፕቴምበር 1974 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አጥታ ነገሩን ሳትደብቅ ለሕዝብ ተናገረች። ብዙም ሳይቆይ የሃፒ ሮክፌለር ተከተለ፤ የክሊኒኮችም በር በሴቶች ተጨናነቀ። ተቃራኒ ድምፅ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ1980 ተጀምሮ 90,000 ገደማ ሴቶችን ያሳተፈው የካናዳ ጥናት የ25 ዓመት ውጤቱን በ2014 ሲያወጣ ማሞግራም ከእጅ ምርመራና ከተለመደው ሕክምና በላይ ሞት አልቀነሰም ብሎ ደመደመ። ባለሙያዎቹ በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል።

አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። በእነዚህ ሁሉ ጥናቶች ውስጥ ያሉት ሴቶች እነማን ናቸው? በአብዛኛው 40ን የተሻገሩና ከማንም የተለየ ሥጋት የሌለባቸው ናቸው። ማሞግራም ዝናውን ያገኘው በእነሱ ገላ ላይ ነው። የዚያች የ31 ዓመት ወጣት ስም በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም።

የወይዘሮ ብሮካ ዘመዶች

“በቤተሰብ ይሄዳል” የሚለው ወሬ ከራጅም ይቀድማል። በ1866 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የገዛ ሚስቱን ዘመዶች አራት ትውልድ ወደኋላ ቆጥሮ ሴቶቹ በጡት ካንሰር እየተከታተሉ ማለቃቸውን ጽፏል። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ከ120 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1990 አሜሪካዊቷ ሜሪ-ክሌር ኪንግ ገና በወጣትነት የጡት ካንሰር የሚያጠቃቸውን ቤተሰቦች አጥንታ፣ የችግሩ ምንጭ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አሳየች። በጊዜው ካንሰርን ያህል ውስብስብ በሽታ በአንድ ጂን ላይ ማሳበብ የዋህነት የሚመስላቸው ሳይንቲስቶች ጥቂት አልነበሩም። በ1994 ጂኑ ራሱ ተገኘ፤ ብራካ 1 ተባለ። በ1995 ወንድሙ ብራካ 2 ተከተለ።

እነዚህ ጂኖች ሁላችንም ውስጥ አሉ። ሥራቸው የተሰበረ ዲ.ኤን.ኤ መጠገን ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ተበላሽተው ሲወረሱ ነው። በ2017 የታተመ፣ 10,000 የሚጠጉ ተሸካሚ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሰላው የተበላሸ ብራካ 1 ካላቸው ሴቶች 72 በመቶው፣ ብራካ 2 ካላቸው ደግሞ 69 በመቶው እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። አንዲት ተራ አሜሪካዊት በዕድሜዋ ሙሉ ያለባት ሥጋት 13 በመቶ ገደማ ነው። ከጡት ካንሰሮች ሁሉ እንዲህ በቀጥታ የሚወረሱት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ አክስት ታመመች ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። ግን ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የተበላሸው ጂን በአባትም በኩል ይመጣል። አባት ራሱ አንድም ቀን ሳያመው ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ይችላል። “በእናቴ ወገን ማንም የለም” ማለት ግማሽ መልስ ነው።

የከፍተኛ ሥጋት መዝገብ በብራካ ብቻ አይዘጋም። በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ለሌላ ካንሰር ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሴቶች፣ የጂን ለውጥ ሳይገኝባቸው የቤተሰባቸው ታሪክ የከበደ ሴቶችም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

ነጭ በነጭ ላይ

እንግዲህ የ1990ዎቹ ሐኪሞች አዲስ ዓይነት ሴት ከፊታቸው ቆመች። ገና አልታመመችም፣ ወጣት ናት፣ ሥጋቷ ግን እጅግ ከፍተኛ ነው። ምን ይስጧት? በእጃቸው ያለውን ሰጧት፤ ማሞግራም። ማሞግራም ደግሞ እዚህ ላይ በአራት በኩል ይቸገራል።

አንደኛ፣ በማሞግራም ላይ ስብ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ወተት አመንጪው ክፍልና ካንሰር ግን ሁለቱም ነጭ ናቸው። ዕድሜዋ በገፋ ሴት ጡት ውስጥ ስቡ ስለሚበዛ ነጩ ዕጢ በጥቁር ሰማይ ላይ እንዳለ ኮከብ ጎልቶ ይወጣል። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ ጥጥ ፈልጉ እንደማለት ነው። ሁለተኛ፣ በብራካ 1 የሚመጡ ዕጢዎች ብዙ ጊዜ ክብና ለስላሳ ጠርዝ ያላቸው፣ የካልሲየም ነጠብጣብም የማይበዛባቸው ስለሆኑ ጉዳት የሌለው እብጠት ይመስላሉ። ሦስተኛ፣ ቶሎ ያድጋሉ። በዓመት አንዴ በሚደረጉ ሁለት ምርመራዎች መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ሴትየዋ ራሷ ዳብሳ ታገኛቸዋለች። አራተኛ፣ የተበላሸውን ዲ.ኤን.ኤ መጠገን የሚሳነው ሰውነት ለጨረርም ስስ ሊሆን ይችላል። በ2012 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ተሸካሚ ሴቶች ከ30 ዓመታቸው በፊት ለምርመራ የሚያገኙት ጨረር ከሥጋት መጨመር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

ሌሎቹ መሣሪያዎችስ? አልትራሳውንድ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ፤ ጆን ዋይልድ ሚኒሶታ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ጡት ላይ ሲሞክር ነበር። ጨረር የለውም፤ ውኃ የቋጠረን እብጠት ከጠጣሩ ለመለየት የሚወዳደረው የለም። ኤም.አር.አይ ደግሞ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ጀርመን ውስጥ ሲልቪያ ሄይቫንግ ጋዶሊኒየም የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥር ሰጥታ ጡትን በማግኔት ስታነሳ ካንሰሩ አብርቶ ታየ። ምስጢሩ የደም ሥር ነው። ካንሰር ሲያድግ ለራሱ አዳዲስ የደም ሥሮች ይዘረጋል፤ እነዚህ ደግሞ በጥድፊያ የተሠሩ ስለሆኑ ያፈሳሉ። መድኃኒቱ በዚያ በኩል ሾልኮ ዕጢው ዙሪያ ይጠራቀማል። ማሞግራም የሚያየው ቅርጽን ነው፤ ኤም.አር.አይ የደሙን እንቅስቃሴም ያያል። ስለዚህ የጡቱ ጥቅጥቅነት ያን ያህል አያግደውም።

አንዲት ሴት፣ አራት ምርመራ

ከዚያ በኋላ የቀረው ማወዳደር ነበር። አወዳደሩ ራሱ ብልሃት አለው። የተለያዩ ሴቶችን በተለያየ መሣሪያ ከማየት ይልቅ አንዷን ሴት በአንድ ሰሞን በሁሉም መሣሪያ ማየት፤ ማሞግራሙን የሚያነብበው ሐኪም ኤም.አር.አዩ ምን እንዳለ ሳያውቅ፣ የኤም.አር.አዩም አንባቢ እንዲሁ። በኋላ ካንሰሩ በባዮፕሲ ሲረጋገጥ “ማን አይቶት ነበር? ማን አለፈው?” ተብሎ ይቆጠራል።

በጁላይ 2004 የኔዘርላንድስ ጥናት ታተመ። ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው 1,909 ሴቶች መካከል ከተገኙት ወራሪ ካንሰሮች የሐኪም እጅ 18 በመቶውን፣ ማሞግራም 33 በመቶውን፣ ኤም.አር.አይ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን ያዘ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የቶሮንቶው መጣ። 236 የብራካ ተሸካሚዎች፣ 22 ካንሰር። ኤም.አር.አይ 17ቱን አየ። ማሞግራም 8፣ አልትራሳውንድ 7፣ የሐኪም እጅ 2። በ2005 የብሪታንያው ጥናት ከ649 ሴቶች 35 ካንሰር ቆጠረ፤ ኤም.አር.አይ 77 በመቶ፣ ማሞግራም 40 በመቶ። በዚያው ዓመት የጀርመኗ ክሪስቲያነ ኩል 529 ሴቶችን ተከታትላ ኤም.አር.አይ 91፣ አልትራሳውንድ 40፣ ማሞግራም 33 በመቶ አለች።

አራት አገር፣ አራት ቡድን፣ አንድ መልስ። ወጣትና ባለ ከፍተኛ ሥጋት በሆነች ሴት ላይ ማሞግራም ብቻውን ከ3 ካንሰር 2 ገደማውን ያልፋል።

“ታዲያ ማሞግራምን ጥለን ኤም.አር.አይ ብቻ እንያዝ” የሚል ካለ ወደ ብሪታንያው ጥናት ይመለስ። ከ35ቱ ካንሰሮች 6ቱን ያየው ማሞግራም ብቻ ነበር። ማግኔቱ ያላበራቸውን የካልሲየም ነጠብጣቦች ራጁ ለቅሞ አውጥቷል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 94 በመቶ ደረሱ። የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ በ2007 የዕድሜ ልክ ሥጋታቸው ከ20 እስከ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች በየዓመቱ ሁለቱንም የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለብራካ ተሸካሚዎች የሚሰጠው ምክር ኤም.አር.አይ ከ25 ዓመት፣ ማሞግራም ደግሞ ከ30 ዓመት ጀምሮ ነው።

ዋጋው

ነፃ ምሳ ግን የለም፤ ብዙ የሚያይ ዓይን የሌለውንም ያያል። በኔዘርላንድሱ ጥናት ካንሰር ከሌለባቸው 100 ሴቶች ማሞግራም 5ቱን፣ ኤም.አር.አይ 10ሩን በከንቱ አስደነገጠ። በብሪታንያው 7 ለ19 ነበር። እያንዳንዱ ድንጋጤ ተጨማሪ ምርመራ፣ አንዳንዴም መርፌና ባዮፕሲ፣ ሁልጊዜ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሳምንት ነው። በ2008 የታተመው የአሜሪካ ጥናት አልትራሳውንድን በማሞግራም ላይ መጨመር ከ1,000 ሴቶች 4 ተጨማሪ ካንሰር እንደሚያወጣ አሳየ፤ ነገር ግን በአልትራሳውንድ ብቻ ታይቶ ባዮፕሲ ከተደረገው ከ10 እብጠት 9ኙ ካንሰር አልነበረም።

ሥጋቷ 70 በመቶ ለሆነ ሴት ይህ ዋጋ ይከፈላል። ሥጋቷ 5 በመቶ ለሆነ ሴት ግን ያው ምርመራ ከጥቅሙ ድንጋጤው ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠችው ማሽኑ ውስጥ የገባችው ሴት ናት። “የትኛው ምርመራ ይበልጣል?” የሚለው ጥያቄ “ለማን?” ካልተባለበት መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

ያ የዝናብ ምሳሌያችንስ? ኤም.አር.አይ ቀድሞ አየ፤ ሕይወትስ አተረፈ? ሴቶቹን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን ኤም.አር.አይ መከልከል ከባድ ስለሆነ መልሱ ዘገየ። በ2024 ግን 2,488 የብራካ ተሸካሚዎችን ከ11 አገሮች የተከታተለ ጥናት ወጣ። ብራካ 1 ካላቸው ሴቶች መካከል በኤም.አር.አይ ሲታዩ በነበሩት ዘንድ የጡት ካንሰር ሞት እጅግ ያነሰ ሆነ። ለብራካ 2 ልዩነቱ ግልጽ አልነበረም። በዕጣ ያልተከፈለ ጥናት መሆኑን ይዘን፣ ለብራካ 1 ተሸካሚዎች ጃንጥላው ጃንጥላ ይመስላል።

ግን የትኛውም ምርመራ ካንሰርን አይከላከልም። ያገኘዋል እንጂ። በሜይ 2013 አንጀሊና ጆሊ እናቷ በ56 ዓመቷ በካንሰር መሞቷን፣ ሐኪሞች የእሷን የጡት ካንሰር ሥጋት 87 በመቶ ብለው መገመታቸውንና ሁለቱንም ጡቶቿን ማስወጣቷን የጻፈችው ከዚህ በመነሳት ነው። ቀዶ ሕክምናው ሥጋቱን ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሰዋል፤ ኤም.አር.አይ ምንም አይቀንሰውም። ምርጫው የሴትየዋ ነው፤ ማንም ሊወስንላት አይገባም። በተከታዩ ወር ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈጥሯዊ ጂን የማንም የባለቤትነት መብት ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። እስከዚያ ድረስ የአንድ ኩባንያ ብቻ የነበረውና ከ3,000 ዶላር በላይ ያስከፍል የነበረው የብራካ ምርመራ ዋጋው እየወረደ ሄደ።

እኛስ?

“ይሄ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው” የምትሉኝ አላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የጡት ካንሰር ኢትዮጵያ ውስጥ በሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር ይበዛል፤ ለ2020 በተሠራው ግምት 16,000 ገደማ ሴቶች አዲስ ታመዋል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ዘግይተው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል እንደነበር እናውቃለን። በየዓመቱ ኤም.አር.አይ ተነሱ ብሎ ለሕዝብ መስበክ እዚህ ቀልድ ነው።

የእኛን አቅም የሚመስል አገር ምን ሞከረ? የሻንጋይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች 266,064 ሠራተኛ ሴቶችን ይዞ ራስን መዳበስን ያስተማረው ጥናት በ2002 ውጤቱን ሲያወጣ ሞት አልቀነሰም፤ ባዮፕሲ ብቻ በዛ። የሙምባዩ ደግሞ 151,538 ሴቶችን ይዞ ለዚሁ በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች እጅ በየሁለት ዓመቱ አስመረመረ። በ2021 የታተመው የ20 ዓመት ውጤት ካንሰሩ ቀድሞ እንደተገኘ፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ዘንድም ሞት በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ዕድሜያቸው ባነሱት ላይ ግን ቅናሹ አልታየም። የሠለጠነ እጅ ለብዙኃኑ ይጠቅማል፤ ያቺ ባለ ከፍተኛ ሥጋት ወጣት ግን እዚህም ከመዝገቡ ውጪ ናት። የቶሮንቶውን አስታውሱ፤ ከ22ቱ 2።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይልኝ። እስካሁን የተወራው ምንም ምልክት ስለሌላት ሴት ነው። እብጠት ያገኘች ሴት ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ “ማሞግራሜ ንጹህ ነበር” ብላ መተው የለባትም፣ እብጠቱ ራሱ በአልትራሳውንድ መታየትና ካስፈለገም ናሙና መወሰድ አለበት። ወጣት ነሽ ተብላ በባዶ እጇ መመለስ የለባትም።

ከማሽኖቹ ሁሉ በፊት የሚመጣው መሣሪያ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ብሮካ በ1866 የያዘው፣ ሜሪ-ክሌር ኪንግ በ1990 የተነሳችበት፣ ኔዘርላንድስና ቶሮንቶ ሴቶቹን የመረጡበት መሣሪያ አንድ ነው፤ “በቤታችሁ ማን ታመመ? በስንት ዓመቷ?” የሚል ጥያቄ። ኤም.አር.አይ የሚገባት የትኛዋ እንደሆነች የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። እኛ ደግሞ የምንወድቀው ማሽኑ ጋ ሳንደርስ እዚህ ላይ ነው።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች የሞት ዜና ስንጽፍ እጃችን የለመደው ሐረግ አለ፤ “ባደረባቸው ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።” ምን ሕመም? ጋዜጣው አይናገርም፣ ለቅሶ ቤቱ አይናገርም፣ ልጆቹም አይጠይቁም። ካንሰር ስሙ ሲጠራ የሚጠጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የቀሩት ሴት ልጆች ባል እንዳያጡ፣ “ዘራቸው በሽታ አለበት” እንዳይባሉ ተብሎ ነገሩ አብሮ ይቀበራል። አብሮ የሚቀበረው ግን የልጅ ልጇ የምርመራ ወረቀት ነው። ካናዳ ወይም ዋሽንግተን ያለች ዘመዳችሁ ኤም.አር.አይ በእጇ እያለ ሐኪሙ “በቤተሰብ አለ ወይ?” ሲላት “የለም” ብላ የምትመለሰው ስለምትዋሽ አይደለም፤ ማንም ስላልነገራት ነው።

የሚገርመው ዘር መቁጠር የምናውቅ ሕዝብ መሆናችን ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ሽማግሌዎቻችን ማን ከማን እንደተወለደ፣ የት አገር እንደሚገናኝ በቃላቸው ይዘልቁታል። እንግዲያው ለሦስት ትውልድ ብቻ አንዲት ጥያቄ እንጨምርበት። እናት፣ እህት፣ አክስት፣ አያት፤ በእናትም በአባትም ወገን፤ በምን ሞተች፣ ስንት ዓመቷ ነበር፣ ጡት ነበር ወይስ ማህፀን አካባቢ፣ አንድ ጡት ነበር ወይስ ሁለቱም። ወንዶችንም አትዝለሉ፤ ወንድንም የጡት ካንሰር ይይዘዋል።

መልሱ ከባድ ሆኖ ከተገኘ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በታች የታመሙ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ወገን ካሉ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና “ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው?” በሉ። አያቶች ሳያልፉ ይህን ጠይቁ። መቃብር አይጠየቅም።

ቸር ያሰንብተን።